አሥር ቃል ይዛችሁ ተመለሱ

አባቶች ካህናት፣ የወሎ ሽማግሌዎች፣ የመቐለ እናቶችና አባቶች፣ ሥራችሁን ፈትታችሁ በዚህ ቅጽር የቆማችሁ ለቀስተኞች ሁሉ፤ የዛሬዋ ሟች በአገሩ የሥጋ ዘመድ የላቸውምና የሕይወታቸውን ታሪክ እንዲያነብላችሁ የታዘዘው ተማሪያቸው የነበረው አስናቀ ነው። ያዘዙትም ራሳቸው ሟቿ ናቸው፤ ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚተው፣ የቱ ላይ ቀስ ተብሎ እንደሚነበብ ሳይቀር አልጋቸው ላይ ሆነው ነግረውታል። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አስተማሪ ነበሩና የሚያውቋቸው በዚህ አይደነቁም።

ሚስ ኢዲት ላሽሊ ከአባታቸው ከአናጺው ከሚስተር ጆሴፍ ላሽሊና የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን ካሳደጉት ከእናታቸው ከወይዘሮ ሩት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም.፣ ከብዙ ባሕር ማዶ በምትገኝ ትሪኒዳድ በምትባል የሸንኮራ አገዳ ደሴት ተወለዱ። የአያቶቻቸው ወላጆች በባርነት ከአፍሪካ ተጭነው የሄዱ ናቸው፤ ከየት መንደር እንደተወሰዱ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የደሴቲቱ ስም በእኛ ቋንቋ ሥላሴ ማለት በመሆኑ፣ ቤት ያከራዩዋቸው እተይ ለተኪዳን ይህን በሰሙበት ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ከሥላሴ አገር የመጣች እንግዳ ቤቴ ገብታለች ብለው አወሩ፤ ሚስ ኢዲትም ነገሩን ለማስተካከል አንድ ዓመት ሙሉ ደክመው በመጨረሻ ተዉት።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ታናናሾቻቸውን ማስተማር ጀመሩ፤ ፈተናቸውን አልፈው የመምህርነት ወረቀት ካገኙ በኋላም በዚያው በተማሩበት ቤት ሃያ አምስት ዓመት አስተማሩ። ደሴቲቱ የእንግሊዝ ግዛት ነበረችና በየጠዋቱ የእንግሊዝ ባንዲራ ሲሰቀል ልጆቹን አሰልፈው ያዘምሩ ነበር። የእንግሊዝን ሕግ ያከብሩ፣ የእንግሊዝን መጽሐፍ ይወዱ፣ የእንግሊዝ ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ በዜና ሕይወታቸው እንዲገባ አጥብቀው ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱ ወደ ፊት ይሰማል።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ የዚያች ደሴት ጥቁሮች ኢትዮጵያን አይተዋት የማያውቁ ሲሆኑ በየቤተ ክርስቲያናቸው አለቀሱላት። ሚስ ኢዲትም በጉባኤው መካከል ተነሥተው፣ ጠመንጃ መያዝ እንደማይችሉ፣ ማስተማር ግን እንደሚችሉ ተናግረው፣ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው ሊያገለግሉ ተሳሉ። ሰዎቹ አጨበጨቡላቸው፤ ሲነጋም ረሱት። እርሳቸው ግን አልረሱም፤ በ1931 ዓ.ም. አንድ የእንጨት ሣጥን፣ ሁለት ባርኔጣና አንድ ትልቅ የስም መጥሪያ መዝገብ ይዘው መርከብ ተሳፈሩ። ግብፅ ወርደው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በዚያም በስደት ለነበሩ ወገኖቻችን ልጆች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ፣ እነርሱ ደግሞ አማርኛ አስተማሯቸው። ያስተማሯቸው የጎጃም ሰዎች ነበሩና፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማቸው ሰው ደብረ ማርቆስ የተወለዱ ይመስለው ነበር፤ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ባርኔጣውን ያያል።

በዜና ሕይወት ወግ እዚህ ላይ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ይነገራል። ሚስ ኢዲት አላገቡም። በደሴታቸው ደብዳቤ የሚያድል አንድ ትሑት ሰው ቀለበት ገዝቶ ብዙ ዘመን ጠብቋቸው እንደነበረ፣ እርሳቸውም የቀሩት ጠልተውት እንዳልሆነ፣ ስድስት ደብዳቤዎቹን በሣጥናቸው ግርጌ ያገኘነው ሰዎች እንመሰክራለን። ሰባተኛው ያልመጣው በጦርነቱ ይሁን በተስፋ መቁረጥ አይታወቅም።

በ1934 ዓ.ም. ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍረው ሲመጡ፣ መኪናው በውቅሮ መንገድ አልፎ መቐለ መግቢያ ላይ ተሰበረ። መለዋወጫው ከአስመራ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ዘመኑ የእንግሊዝ መኰንን በየቢሮው የሚታይበት ነበርና፣ ነጋዴው ፈቃድ ለማውጣት፣ ጸሐፊው ደብዳቤ ለማንበብ እንግሊዝኛ ይፈልግ ነበር። እንግሊዝኛ የምታውቅ ጥቁር ሴት ከተማ ውስጥ ገብታለች መባሉን የሰማ ሁሉ ከእተይ ለተኪዳን ደጅ ተሰበሰበ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ተጀመረ፤ በዘጠነኛው ቀን ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ጥሩምባውን ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ ሚስ ኢዲት ወጥተው ሣጥናቸውን አስወረዱ። ሾፌሩ ተቆጥቶ ሄደ ይባላል።

በዚህች ከተማ የነበረው ኑሯቸው ይህን ይመስል ነበር። ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ነጋዴው ሱቁን ጸሐፊው ቢሮውን ሳይከፍት፣ ከገበያው በላይ ባለው የድንጋይ ቤት ትምህርት ይጀመራል። ሰሌዳው ጣልያን ጥሎት ከሄደ የጭነት መኪና የተነቀለ በር ሲሆን፣ ጥላሸት ተቀብቶ በኖራ ድንጋይ ይጻፍበት ነበር። መቀመጫው ጀይሉ የተባለው የወሎ ልጅ፣ የጨው ነጋዴው፣ በጥቅል አስሮ ያመጣቸው አሞሌዎች ነበሩ፤ በክረምት አሞሌው ይረጥብ ነበርና ከትምህርት የሚወጣ ሰው ሁሉ ከኋላው ይታወቅ ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተማሪው በየተራ ገብስ፣ ሽሮ፣ ማገዶ፣ ከዓይናለም መንደር በአህያ የተጫነ ውኃ ያመጣል። ከገብስ ዱቄት የሚድቦለቦለው ጥሕሎ ሲቀርብላቸው እንደ እኛው በእንጨት ሹካ እየወጉ ይበላሉ፤ በርበሬው ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸውም አላለቀስኩም ብለው ይሟገታሉ። ከሰዓት በኋላ አቤቱታ ላለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። እሑድ ነጠላ ለብሰው ከእተይ ለተኪዳን ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቅዳሴው ባይገባቸውም እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ይህን የሚያነብላችሁ አስናቀ ከሸዋ በጸሐፊነት ተልኮ የመጣ ሰው ሲሆን፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ ነበር የገባው። በመጀመሪያው ጠዋት ምላሱን ከጥርሱ መካከል አውጥቶ አንዲት ቃል ሃያ ጊዜ እንዲደግም ስላደረጉት፣ ሐቢባ የተባለችው ፈትል ሻጭ ስቃ ከአሞሌው ላይ ወደቀች። እስከ ዛሬ ያቺን ቃል በትክክል አይላትም።

ሚስ ኢዲት ሁለት የማይፈርሱ ሥርዓቶች ነበሯቸው። አንደኛው ስም መጥራት ነው። በክፍሉ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር አይነገርም፤ ስም ሲጠራ ግን እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ አለሁ ብሎ እንዲመልስ ያዝዙ ነበር፤ ሰው በሕይወት መኖሩን በተውሶ ቋንቋ መናገር የለበትም ይሉ ነበር። ለሌላ ሰው አለሁ ማለትም በእርሳቸው ዘንድ ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለተኛው በገበያ ቀን የሚሰጥ ሥራ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪው ሁሉ ትንሽ ሰሌዳውን ይዞ ገበያ ይወርዳል፤ በዕቃው ፊት ቆሞ ስሙን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ አሥር ቃል ሲሞላለት ተመልሶ ያሳያል። እርሳቸው መዝገቡን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፤ የተመለሰውን ሁሉ በስሙ ላይ ምልክት ያደርጉለታል። በደጁ ሲወጣም ሁልጊዜ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ አሥር ቃል ይዛችሁ ተመለሱ የሚል።

እዚህ ላይ ቀስ ተብሎ እንዲነበብ ታዟል።

በ1936 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ በትግራይ ምድር አመፅ ተነሥቶ ጦርነት በነበረበት ጊዜ፣ አመፁን ለመግታት የመጣ አውሮፕላን በከተማው ሰማይ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። በዚያ የገበያ ቀን ጠዋት ከአሥራ አንዱ ተማሪ አንድም አልቀረም። ስም ተጠራ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አለሁ ተባለ። ትምህርቱ አልቆ ተማሪዎቹ ሰሌዳቸውን ሲያነሡ፣ አስናቀ እጁን አውጥቶ፣

«ሚስ፣ ዛሬስ ተማሪዎቹ ገበያ ባይወርዱ? ሰው እንዳይሰበሰብ ሲባል በቢሮ ሰምቻለሁ» አለ።

ሚስ ኢዲትም፣ «አውሮፕላኖቹ የእንግሊዝ ናቸው። እንግሊዞችን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ በገበያ ቀን በሕዝብ ላይ ቦምብ አይጥሉም» ብለው መለሱ። ይህን ያሉት ለማደፋፈር አልነበረም፤ ያምኑት ስለነበረ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ባንዲራቸውን የሰቀሉላቸውን ሰዎች አውቃለሁ ማለት የሚያስወቅስ አልመሰላቸውም። ቀጥለውም እንደ ሁልጊዜው፣ «አሥር ቃል ይዛችሁ ተመለሱ» አሉ።

አስናቀ ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ። አሥሩ ወደ ገበያ ወረዱ። ቦምቡ ገበያው ላይ ወደቀ፤ የሆነውን የመቐለ ሰው ያውቀዋል፤ ከዚህ ከቆማችሁት መካከል ያን ቀን ሰው ያልቀበረ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቦታ አይዘረዘርም።

ሚስ ኢዲት መዝገቡን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሰው እየጮኸ አለፈ፤ ሰው በቃሬዛ አለፈ፤ እተይ ለተኪዳን «ጓለይ፣ ልጄ፣ ግቢ!» እያሉ በቀሚሳቸው ቢጎትቷቸውም ተመለሱ ያልኩት እዚህ ነው ብለው አልነቃነቅ አሉ። ሰባት ተመለሱ። በሰባቱም ስም ላይ ምልክት አደረጉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሦስት ስም ባዶውን ቀረ፤ ጀይሉ፣ ሐቢባ፣ ፈንታሁን። ጀይሉ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረ፤ ሐቢባ ፈትል ሽጣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ፈንታሁን ደግሞ ከአስናቀ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር በአንድ ጠረጴዛ የሚጽፍ ባልደረባው ነበረ። የፈንታሁን ሰሌዳ በማግሥቱ ከገበያው መሬት ላይ ተገኘ። ሰባት ቃል ተጽፎበታል፤ ስምንተኛው በአንድ ፊደል ቀርቷል።

ከአርባው በኋላ ትምህርቱ እንደገና ሲከፈት፣ ሚስ ኢዲት መዝገቡን ገልጠው አሥራ አንዱንም ስም ጠሩ። ጀይሉ ብለው ጠሩና ጠበቁ። ማንም አልተናገረም። አሥር እስኪቆጠር ያህል ጠብቀው ሐቢባን ጠሩ፤ እንደገና ጠበቁ። እንዲህ ተደረገ፤ በማግሥቱም፤ እስከ ሞቱበት ወር ድረስ በየጠዋቱ። ከተረፉት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሙታን በሚጠሩበት ቤት አንቀመጥም ብለው ቀሩ፤ አይፈረድባቸውም። አዲስ የመጡት ግን ለመዱት፤ በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ከሁሉ በፊት ዝም ብሎ መጠበቅን ይማር ነበር። አንድ ጊዜ ኢስሃቅ የተባለ አዛውንት ልብስ ሰፊ ጨንቆት፣ መልካም ያደረገ መስሎት፣ ጀይሉ ተብሎ ሲጠራ አለሁ ብሎ መለሰ። ሚስ ኢዲት መዝገቡን ዘግተው ተማሪውን ሁሉ ወደየቤቱ ሰደዱ፤ ሦስት ቀን አላስተማሩም።

የገበያውንም ሥራ ዳግመኛ ለማንም አልሰጡም። እርሳቸው ግን በየገበያው ቀን ማለዳ ወርደው፣ የፈንታሁን ሰሌዳ በተገኘበት ቦታ ላይ ይቆሙ ነበር። ከዚያ ቆሞ የሚታየው ምን እንደሆነ፣ በዚያች ፊደል የሚጀምረው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማሩን፣ ገመዱን፣ ማሰሮውን፣ አህያውን ሁሉ እያዩ ይመረምራሉ። ሻጮቹ መጀመሪያ ሊገዙ መስሏቸው ይጠሯቸው ነበር፤ ኋላ ተዉአቸው፤ ዕቃቸውንም ከቦታው ላለማንቀሳቀስ ይጠነቀቁ ጀመር። እተይ ለተኪዳን እንደሚመሰክሩት፣ ሚስ ኢዲት ስም ሲጠሩ አንዳንድ ጠዋት ከደጃፉ የሚመልስ ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ የጀይሉ ድምፅ ነው ይሉ ነበር። «ኣየ ጓለይ፣ ነፋስ ነው» ሲሏቸው፣ ነፋስ የወሎ አማርኛ አይናገርም ብለው ይመልሱ ነበር። ሌላው ነገራቸው ሁሉ የጤነኛ ሰው ነበረ። ጫማቸው ይወለወላል፤ ደብዳቤያቸው ይጻፋል፤ ተማሪያቸውም ፈተና ያልፋል።

አሁን ሚስ ኢዲት በሕይወታቸው ሊናገሩት ወዳልቻሉት ነገር ደርሰናል።

የጀይሉ እናት፣ እማማ ኡሙሀኒ፣ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት ይመጡ ነበር። ልጃቸው ይቀመጥበት በነበረው አሞሌ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥቂት ያለቅሳሉ፤ ከዚያም ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ «እኔ ነኝ የላክሁት፤ ሽንኩርት አምጣልኝ ብዬ ገበያ የላክሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሚስ ኢዲት ውኃ ይቀዱላቸዋል። እጃቸውን ይይዛሉ። ልጁን የላኩት ራሳቸው አስተማሪዋ መሆናቸውን፣ ይህችም እናት ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ እንደምትዞር ያውቃሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። እማማ ኡሙሀኒ ቀና ብለው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተነሥተው አንቱ ሚስ፣ ደኅና ዋሉ ብለው ይሄዳሉ። በየገበያው ቀን፣ ለአምስት ዓመት ከስምንት ወር፣ ይኸው ነበር።

ዘንድሮ ከጥር ወር ጀምሮ ሚስ ኢዲትን ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ነው አለ፤ እተይ ለተኪዳንም የሚያውቁትን ሁሉ ቅጠል አጠጧቸው። ተማሪው ደጃፍ ተቀምጦ፣ እርሳቸው ከአልጋ ሆነው ማስተማራቸውን አልተዉም። በሚያዝያ መጨረሻ አስናቀን አስጠርተው ዜና ሕይወታቸውን እንዲጽፍ፣ ያን ጠዋትም እንዳለ እንዲያስገባው፣ እማማ ኡሙሀኒ ባሉበትም እንዲያነበው አዘዙት።

አስናቀ ተቆጣ። ሴትዮዋ ከሁለት ጎረቤት ማዶ ናቸው፤ አሁን ልጥራልዎትና ይንገሯቸው አለ። ሚስ ኢዲትም አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አልችልም። ሞክሬያለሁ። ፊታቸውን ሳይ ከገበያ የሚመለሰውን መጠበቅ እጀምራለሁ» አሉት። እጅግ የሚወዳቸውን አስተማሪውን ያን ቀን ፈሪ ናቸው ብሎ በልቡ ፈረደባቸው። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲወጣ ራሱን አገኘው። በቢሮው የተባለውን የሰማው እርሱ ነበረና። አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ያለው እርሱ ነበረና። ፈንታሁን እጁን ተይዞ አትሂድ ቢባል ይቀር እንደነበረ እያወቀ፣ አስተማሪን መቃወም ነውር መስሎት ወደ ጠረጴዛው የሄደ እርሱ ነበረና። እኔ ነበርኩ፣ ወገኖቼ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

ሚስ ኢዲት ትናንት ግንቦት 14 ቀን 1941 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በአምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የመጨረሻው ቃላቸው የእንግሊዝኛ ይሁን የአማርኛ ያልለየነው አንድ ስም ነበር።

በእኛ ወግ መርዶ በአደባባይ አይነገርም። ማልደው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ከቤቱ ገብተው ነው የሚያረዱት። የልጅን ሞት ምክንያት በለቅሶ መካከል ከወረቀት አንብቦ እናትን መምታት ደግሞ ከመርዶ የከፋ ነው። ስለዚህ ይህ የተማሪ ልብ የአስተማሪውን ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረሰ። ዛሬ ሳይነጋ ከሁለት የወሎ ሽማግሌዎችና ከእተይ ለተኪዳን ጋር እማማ ኡሙሀኒ ቤት ሄድን፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቆመን፣ እስከዚህ የሰማችሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩላቸው።

እማማ ኡሙሀኒ አላለቀሱም። እንድጽፈው ስለፈቀዱልኝ የተናገሩትን እንዳለ አነባለሁ።

«ተቀመጥ፣ አስናቀ ልጄ። እኔ እኮ አውቀው ነበር። ያን ጠዋት ጀይሉ ከትምህርት ሲወርድ በደጄ ነው ያለፈ። እማ፣ አሥር ቃል ልለቅም ነው፣ ሚስ ይጠብቁኛል ብሎኝ ነው የሄደ። ወላሂ ሽንኩርት ቤቴ ሞልቶ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት ያልሁት፣ እርሳቸው፣ አይደለም፣ የላክሁት እኔ ነኝ እንዲሉኝ ነው። እኔ ቀድሜ ባነሣው ከሰስኳቸው ማለት ነው፤ አገራቸውን ጥለው የመጡ ሴት ናቸው፣ ማን አላቸው ብዬ። መጀመሪያስ አንጀቴ አሯል፤ ኋላ ግን ልጄን ስሙን እየጠራ የሚጠብቅ ከእርሳቸው በቀር ሰው አጣሁ። አንድ ቃል ቢሉኝ አቅፌ ላለቅስ በየገበያው ቀን እየሄድሁ ጠበቅኋቸው። ምነው ትናንት ማለዳ በመጣችሁ!»

ወገኖቼ፣ እኛም ከዚህ የበለጠ የምንለው የለንም። አንዷ ለመናገር፣ አንዷ ለመስማት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአሞሌ ላይ ተቀምጠው አምስት ዓመት ከስምንት ወር ተጠባበቁ፤ ሚስ ኢዲትም ይቅርታው ከደጃቸው እየመጣ ሲመለስ እንደነበረ ሳያውቁ ሞቱ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እስክሞት ያሳዝነኛል።

ሚስ ኢዲት ላሽሊ ከኋላቸው የሚከተሉትን ትተዋል። በደሴታቸው፣ በሕይወት ካሉ፣ አንድ ወንድማቸውንና ልጆቹን፤ እንደ እናት የያዟቸውን እተይ ለተኪዳንን፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸውን መቶ አርባ ሁለት ተማሪዎች፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ቀለብና ልብስ ያልለዩባቸውን የሐቢባን ሁለት ልጆች፤ የመኪና በር ሰሌዳቸውን፤ ሰባት ቃልና አንድ ፊደል የተጻፈባትን ትንሿን ሰሌዳ፤ እናም ይህን በእጄ የያዝኩትን መዝገብ።

አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እርሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው የጠበቁትን ያህል በእርሱ ደጃፍ አያስጠብቃቸው። ቀድመዋቸው የሄዱትን ሦስቱንም ያገናኛቸው። ለእኛም የምንናገረውን በጊዜው የምንናገርበት አንደበት ይስጠን።

በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሦስቱ ስም በታች፣ በእርሳቸው እጅ አንድ ስም ተጨምሯል። ለሌላ ሰው አለሁ ማለት በዚያ ቤት ክልክል ነበር፤ እማማ ኡሙሀኒ ግን ዛሬ ጠዋት ከደጃቸው ሲሸኙኝ፣ ስሟን አንተ ስትጠራ እኔ እመልስላታለሁ ብለዋል። ስለዚህ ሥርዓቱን ለመጨረሻ ጊዜ እንፈጽም፤ እንደ ልማዳችንም በየስሙ መካከል እንጠብቅ።

ጀይሉ።

ሐቢባ።

ፈንታሁን።

ኢዲት ላሽሊ።

እማማ ኡሙሀኒ፣ ይመልሱላቸው።